የ63 ቤተሰብ ሰርግ እኔ ጋ ነው

ለደሴ ከተማ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ
ደሴ

ጉዳዩ፦ የድሮ ቪዲዮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር የሚገለበጥበት አንድ ክፍል እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ

እንደምን ከረማችሁ?

እኔ ከፒያሳ ብዙ ሳልርቅ ለ19 ዓመት ቪዲዮ ሳከራይ የኖርኩ የደሴ ሰው ነኝ። በ1991 ዓ.ም. ከፈትኩ፣ በ2010 ዘጋሁ። ዘጋሁ ስል በሩን አይደለም። በዚያችው በር ዛሬ ቻርጀር፣ ኢርፎንና የስልክ ከቨር እሸጣለሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ግን አንድ መደርደሪያ እንዳለ ቀርቷል። እዚያ ላይ 63 የቪዲዮ ካሴት አለ።

ፊልም እንዳይመስላችሁ። ፊልሙን ገሚሱን ሸጥኩት፣ ገሚሱን ጣልኩት፣ አንድ ቀንም አላዘንኩም። እነዚህ የሰው ሰርግ ናቸው። ክርስትናም አለ። ከሐጅ የተመለሱ አባት አቀባበል አለ። የምረቃ ቀን አለ። ባለቤቶቹ «ወደ ሲዲ ገልብጥልኝ» ብለው አመጡ። ሲዲውን ወሰዱ። ካሴቱን ደግሞ «እዚያው ይቀመጥ፣ መጥቼ እወስደዋለሁ» አሉ። ይኸው አንዳንዱ ሃያ ዓመት ሞላው።

አሁን መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለት ዴክ፣ ማለትም የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ፣ ነበረኝ። አንዱ ባለፈው ክረምት ሞተ። ካሴቱን የሚያነበው «ሄድ» አለቀ፣ ጎማው ላላ፣ ሠሪው ከፍቶ አየውና መልሶ ዘጋው። መለዋወጫ የለም። አዲስ ዴክ የሚሠራ ፋብሪካም በዓለም ላይ የለም። የመጨረሻው አምራች የጃፓኑ ፉናይ ነበር። እሱም እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 ማምረት አቆመ። ስለዚህ 63 ቤተሰብ በአንድ አሮጌ ዴክ ላይ ተንጠልጥሏል። ዴኩ ደግሞ ከኔ በላይ ያስላል።

ልመናዬን ከመዘርዘሬ በፊት ትንሽ ላውራ። ቪዲዮ ቤት የነበረው ሰው ወሬ ይወዳል፤ ይቅር በሉኝ።

ሥራውን የለመድኩት ኮምቦልቻ ነው። ልጅ ሆኜ አንድ ቪዲዮ ቤት በር ላይ ገንዘብ እቀበል ነበር። አግዳሚ ወንበር፣ ጥቁር መጋረጃ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፤ ሲኒማችን ይኸው ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ፈረቃቸው ሲያልቅ ይመጣሉ። የሕንድ ፊልም ከሆነ ቤቱ ይሞላል። ቋንቋውን የሚያውቅ አንድም የለም፤ የሚያለቅስ ግን ሞልቷል። ካሴቱን የሚያመጡልን የአሰብ መንገድ ሾፌሮች ነበሩ። ያኔ የአሰብ መኪና በኮምቦልቻ አድርጎ፣ በባቲ ወርዶ፣ በሚሌ ነበር የሚያልፈው። ከጭነቱ መሀል፣ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ፣ ሁለት ሦስት ካሴት አይጠፋም። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ያ መንገድ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ዕቃው በሌላ አቅጣጫ መጣ። ከጅዳና ከሪያድ። በእኛ ሰፈር ልጁን ዓረብ አገር ያልላከ ቤት መቁጠር ይቀላል። ልጅቱ ከምትልከው ዕቃ ውስጥ ዴክ አይቀርም ነበር። ቤተሰቡ ዴኩን ሲያገኝ መጀመሪያ ፊልም ያይበታል። ቀጥሎ ግን ዋናው ሥራ ይመጣል፤ የእህቷን ሰርግ አስቀርጾ ለሷ መላክ። ካሴቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በሚሄድ ሰው እጅ፣ ቀይ ባሕርን ይሻገራል።

አንዷ ተመልሳ ከመጣች በኋላ ሱቄ ቁጭ ብላ አጫውታኛለች። የእህቷን ሰርግ ያየችው አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ ነው። ድምፁን ጨርሳ ቀንሳዋለች። «አባባ ሲመርቁ ከንፈራቸውን አይቼ አሜን አልኩ» አለችኝ። ያ ካሴት ዛሬ እኔ ጋ አለ። ከ63ቱ አንዱ ነው። እሷ እንደገና ሄዳለች፤ ስልኳ አይሠራም።

ወደ ራሴ ሱቅ ልመለስ። ኪራዩ ለአንድ ሌሊት 3 ብር ነበር። መያዣው መታወቂያ ነው። መሳቢያዬ ውስጥ የተከመረው መታወቂያ ብዛት ሌላ ቢሮ የከፈትኩ ያስመስል ነበር። ካሴቱን ወደ መጀመሪያው ሳያጠነጥን የሚመልስ ሰው 50 ሳንቲም ይቀጣል። ሁሉም እኩል ይቀጣ ነበር ብል ግን እዋሻለሁ፤ ሽማግሌ ቀጥቼ አላውቅም።

ቪኤችኤስ የሚባለውን ይህን ካሴት የጃፓኑ ጄቪሲ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው ያወጣው። እኛ ጋ ሲደርስ ጎልማሳ ሆኖ ነበር። ከዚያ ቪሲዲ መጣ። ቪሲዲ ላይ የሚያዘው 74 ደቂቃ አካባቢ ነው። ስለዚህ አንድ ፊልም በሁለት ሲዲ ይከፈላል። የሚጫረው ደግሞ ሁልጊዜ ሁለተኛው ነው። ገዳዩ ማን እንደሆነ ሳያውቅ የቀረ ሰው ደሴ ላይ ስንት እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። ዲቪዲ ይህን ችግር ፈታ። ዲቪዲ ጃፓን ውስጥ ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነበር፤ ሱቄ የገባው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ብሉሬይ የሚባለውን በማስታወቂያ ካልሆነ አላየሁትም። እሱ የጦሳን ተራራ ሳይወጣ ዘመኑ አለፈ።

ከዚያ ፍላሽ መጣ። ሰው ሱቄ እየገባ «ፊልም ጫንልኝ» ማለት ጀመረ። ኪራይ ቀረ፤ የሚመለስ ነገር የለማ! ፍላሹም ብዙ አልቆየ። ልጆቹ ከቴሌግራም ማውረድ ለመዱ፣ ከዩቲዩብ በቀጥታ ማየት ለመዱ። አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ሰው ብቻ ገባ። እሱም «ቻርጀር አለህ?» ብሎ ነው። ፈጣሪ መንገድ ሲያሳይ እንዲህ ነው ብዬ በሳምንቱ ቻርጀር አመጣሁ።

ነገሩ የእኔ ብቻ አይደለም። ኔትፍሊክስ የሚባለውን የአሜሪካ ድርጅት ታውቁታላችሁ። እሱም እንደኔው አከራይ ነበር። ዲቪዲ በፖስታ እየላከ ማከራየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ እኔን የሚቀድመኝ በጥቂት ወር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ፊልሙን በኢንተርኔት በቀጥታ ማሳየት ጀመረ። ሴፕቴምበር 29 ቀን 2023 የመጨረሻዋን ዲቪዲ ልኮ፣ የ25 ዓመት ኪራዩን ዘጋ። ይህን ስሰማ፣ አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ። ሁለታችንም ዛሬ የምንበላው ከኢንተርኔቱ ነው። እሱ ከፊልሙ፣ እኔ ከቻርጀሩ።

ስለ ፊልሙ አልከራከርም። ሰው ሶፋው ላይ ሆኖ በአንድ ጣት የፈለገውን ካገኘ፣ በዝናብ ፒያሳ ድረስ ምን ያመጣዋል? አንድ ነገር ግን ጣል ላድርግ። በኢንተርኔት «ገዛሁት» የምትሉት ፊልም አብዛኛውን ጊዜ የእናንተ አይደለም። የተሸጠላችሁ የማየት ፈቃድ ነው። ድርጅቱ መብቱ ሲያልቅበት ፊልሙን ከመደርደሪያው ያነሳል፤ እናንተም አብራችሁ ታጣላችሁ። እኔ ለማንም ሰው ቤት ገብቼ ካሴት ነጥቄ አላውቅም፤ ያልመለሱልኝን እንኳ። ደግሞ ኔትወርክ አለ። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ሲጠፋ አስታውሱ። ያኔ ልጆች ሱቄ እየመጡ «ጋሼ፣ አሮጌ ዲቪዲ የለህም?» አሉኝ። የጣልኩትን ያን ጊዜ ብቻ ነው የቆጨኝ።

ይህም ቢሆን ፊልም ራሱን ያድናል። ባለቤት አለው፣ ገንዘብ ያመጣል፣ የሆነ ቦታ ላይ ቅጂ አይጠፋም። ሰርግ ግን? የሆጤ ሰፈር ልጅ ሰርግ የትኛው ድርጅት ጋ ይገኛል? በዓለም ላይ ያለው አንድ ካሴት ነው። ፊልሙ ወደ ኢንተርኔት ሲሄድ ዴኩን ይዞት ሄደ። ዴኩ ሲሄድ ሰርጉ በመሀል ተዘግቶበት ቀረ። የደብዳቤዬ ነገር ሁሉ ይኸው ነው።

«ታዲያ ለምን ዩቲዩብ ነገር ላይ አትጭነውም?» ያለኝ ብዙ ነው። አንድ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ስሙን የማልጠራው የቪዲዮ መድረክ ላይ፣ ባለቤቶቹን አስፈቅጄ፣ አንድ የ1995 ሰርግ ጫንኩ። ልጆቹ አሜሪካ ስላሉ እንዲያዩት ነው። በማግስቱ መልእክት መጣ። ከበስተጀርባ የሚሰማው ዘፈን ባለመብት አለው ተብሎ ድምፁ ተቆርጧል። ሰርግ ቤት ቴፕ ይከፈታል፤ ምን ይደረግ? ዘፋኙ መብቱ ነው፣ አልፈርድበትም። ግን ዘፈኑ ሲቆረጥ ሌላውም አብሮ ተቆረጠ። የሙሽራዋ አባት ቆመው ይመርቃሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሰው ሁሉ አሜን ይላል። ድምፅ የለም።

የወሎ ምርቃት ድምፁ ከጠፋ ምን ይቀረዋል? እናንተ የባህል ሰዎች ናችሁና ለእናንተ ይህን ማስረዳት አይገባኝም። እነዚህ ካሴቶች ውስጥ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሽማግሌዎች ምርቃት አለ። የዱበርቲዎች፣ የመራቂ እናቶች፣ ዱዓ አለ። አንዱ ካሴት ላይ አንዲት እናት ሙሽራ ሲሸኙ የሚያወጡት አንጉርጉሮ አለ። አምባሰል ነው ወይስ ሌላ፣ እኔ ጆሮዬ አይለይም፤ የሚለይ ሰው እንዲሰማው ነው የምፈልገው። ወሎ ባህል አምባ ላይ የሚዘፈነውን መድረኩ ይጠብቀዋል። ድንኳን ውስጥ የተዘፈነውን ማን ጠበቀው? ካሜራ ማኑ ነው የጠበቀው። ያ ልጅ ግጥም እየሰበሰበ መሆኑን አላወቀም፤ የተከፈለው ለሙሽሮቹ ነው።

የዛሬ ሰርግስ? የባሰ ነው። ባለፈው ጥር የጎረቤቴ ልጅ ተዳረች። አክስቷ ሪያድ ሆና ሙሉውን በኢሞ አየች። ስልኩን ይዛ የዞረችው የሙሽራዋ ታናሽ ናት። ሌሎቹ ቲክቶክ ላይ በቀጥታ አስተላለፉ። ሲያልቅ «ቅጂው የት አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። ልጅቱ ሳቀችብኝ። «ጋሼ፣ ላይቭ እኮ ነው!» አለች። ድሮ ካሴቱ ጅዳ ለመድረስ ወር ይፈጅበታል፤ ግን ይደርሳል፣ ይቀመጣል። የዛሬው በሰከንድ ይደርስና በሰከንድ ይጠፋል። የቀረችውም ጥቂት ደቂቃ ስልክ ላይ ናት። ስልክ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ይረሳል።

ስለ ካሴቱ ጤንነት ደግሞ ልንገራችሁ። ባለ 3 ሰዓት ካሴት ውስጥ የተጠቀለለው ክር ከ250 ሜትር ይበልጣል። ስፋቱ ግማሽ ኢንች ነው። ከላዩ የተቀባው ማግኔት የሚይዝ ዱቄት ነው፤ ምስሉ ያለው እሱ ላይ ነው። ዴኩ ውስጥ ያለው ሄድ በሰከንድ 25 ጊዜ እየተሽከረከረ ያነበዋል። ዱቄቱን ከክሩ ጋር የያዘው ማጣበቂያ እርጥበት ይጠጣል፣ ይላላል፣ ሄዱ ላይ ይቀራል። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች፣ በክረምት ጉም ቤት ድረስ የሚገባባት ከተማ ናት። ካሴቱን ስትከፍቱት ነጭ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው። እሱን ዴክ ውስጥ አታስገቡ። ካሴቱም ይበላሻል፣ ዴኩም፣ ከሱ ቀጥሎ የሚገባው ጤነኛ ካሴትም። ከ63ቱ ሰባቱ ሻግተዋል። በጥጥና በአልኮል ሁለቱን አድኛለሁ፣ አምስቱን ለመንካት ፈርቻለሁ።

ይህን ፍርሃት የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም። የድምፅና የቪዲዮ መዛግብት ባለሙያዎች ማኅበር ከዩኔስኮ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2019 ለዓለም ሁሉ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። እስከ 2025 ገደማ ያልተገለበጠ ካሴት ማጫወቻም ሠሪም አጥቶ ሊቀር ይችላል የሚል ነው። በትልልቅ ቤተ መዛግብት ያሉ ሰዎች እንዲህ ከተጨነቁ፣ መጋረጃ ጀርባ ያለሁት እኔ ምን ልሁን?

«እኛ ሲዲው አለን» የምትሉ ደግሞ አትሳሳቱ። እኔው ነኝ የገለበጥኩላችሁ፤ ስለዚህ ሐቁን ልናገር። ቪሲዲ ምስሉን አጨናንቆ ነው የሚይዘው። ሙሽሮቹ ቁጭ ብለው ሲታዩ ደህና ነው። ጭፈራው ሲጀመር ግን ጉድ ይፈላል። እስክስታ ሲመታ ትከሻው ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘን ይበታተናል። ካሴቱ ላይ ግን ትከሻው ትከሻ ነው። በዚያ ላይ ያኔ የምንገዛው ባዶ ሲዲ ርካሽ ነበር። ብዙው ዛሬ አይነበብም። ያስከፈልኳችሁን ገንዘብ ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ እኔም እንደ ሰው ወጣሁ። በዶሮ መዝለያ ወርደን፣ ኮምቦልቻን አልፈን፣ እስከ ደብረ ብርሃን። መኪናው ላይ ከአጠገቤ የነበሩ እናት ቅርጫት ታቅፈው ነበር። ውስጡ በሶ፣ የቤት ካርታ፣ አንድ ጋቢ፣ አንድ የቪዲዮ ካሴት። የሞተ ልጃቸው ሰርግ ነው። «ማጫወቻው አለዎት?» አልኳቸው። «የለኝም፤ ግን ልተወው?» አሉኝ። ምን ይመለሳል? ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማው ሲረጋጋ ተመልሼ መጣሁ። ሱቄ ተሰብሯል። ስልኩ፣ ቻርጀሩ፣ ቴሌቪዥኑ የለም። መጋረጃውን ገለጥኩ። 63ቱም አሉ፤ አንዱም አልተነካም። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ከፋኝ። የሚፈልገው ሰው የሌለ ዕቃ ነው የቀረልኝ።

በነገራችን ላይ፣ ካሴት ያላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ አንድ ነገር አድርጉ። ካሴቱ ጀርባ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ አለች። ስበሯት። እሷ ከተሰበረች ሌላ ነገር አይቀዳበትም። ይህን ያልሰማ አንድ ደንበኛ ነበረኝ። የ1990 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲተላለፍ ባዶ ካሴት አጣ። ያገኘውን አስገባ። የራሱ ሰርግ ነበር። እኔ ጋ ያመጣው ከዓመታት በኋላ ነው፣ ሚስቱን አስከትሎ። ሦስታችንም ቆመን እናያለን። ሙሽራዋ ያጌጠችውን በር ልታልፍ አንድ እግሯን አነሳች። ዚዳን በግንባሩ ገጨና አገባ። ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረችም። ፈረንሳይ 3 ለ 0 ካሸነፈች በኋላ ካሴቱ ላይ አሥር ደቂቃ ቀርቶ ነበር፤ እሱ ውስጥ አማቶቿ ሲበሉ ይታያሉ።

እንግዲህ ወደ ልመናዬ።

አንድ ክፍል ስጡን። ሙዚየሙ ውስጥ፣ በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ግቢ፣ አንዲት ደረቅ ክፍል ብትገኝ እሰየው። ካልሆነ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አንድ ጥግ ይበቃናል። ደረቅ መሆኗን ግን አደራ። ዴኬን እኔ አመጣለሁ፣ ጉልበቴንም። ከእናንተ የምፈልገው አንድ ደህና ኮምፒውተር፣ ቪዲዮውን ከዴክ ተቀብሎ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ትንሽ መሣሪያ፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ፣ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ የሚይዝ ባትሪ። ሁለት ሃርድ ዲስክ ያልኩት አንዱ ሲበላሽ ሌላው እንዲተርፍ ነው። በጀት አልጠየቅሁም ማለት ውሸት ይሆናል፤ ግን ለአንድ ስብሰባ ከሚወጣው ሻይና ውሃ ብዙም አይበልጥም።

ሥራው ስንት ጊዜ ይፈጃል ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። ካሴት እንደ ፋይል ቶሎ አይገለበጥም። 3 ሰዓት ያለው 3 ሰዓት ይፈጃል፤ ቁጭ ብሎ እያጫወቱ ነው። የእኔ 63 ሁሉም ባለ 3 ሰዓት ቢሆኑ 189 ሰዓት ነው። በቀን 6 ሰዓት ብንሠራ 32 ቀን። በሰዓት 2 ጊጋባይት ብንይዝለት ሁሉም 400 ጊጋባይት አይሞላም። አንድ እጅ በምታህል ሃርድ ዲስክ ውስጥ ይገባል። ኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ልጆች ቢታገዙን ደግሞ እሰየው። እኔ ዴኩን አስተምራቸዋለሁ፣ እነሱ ኮምፒውተሩን ያስተምሩኛል። ወመዘክርም፣ የአገሩ ቤተ መዛግብት፣ አዲስ አበባ አለ፤ ግን 400 ኪሎ ሜትር ነው። የሸዋ በር እናት ካሴቷን ይዛ 400 ኪሎ ሜትር አትሄድም።

ከእናንተ ማኅተም የምፈልገው ለአንድ ሌላ ነገርም ነው። ዴክ የሚሰጠን ሰው። በየቤቱ፣ አልጋ ስር፣ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ ዴክ እንዳለ አውቃለሁ። የማይሠራውም ይጠቅመናል፤ ጎማውና ሄዱ ለሌላው ይሆናል። እኔ ብጠይቅ «ሊሸጠው ነው» ይሉኛል። እናንተ ብትጠይቁ ያመጡታል።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ እንስማማ። የተገለበጠው ቪዲዮ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ኢንተርኔት ላይ አይወጣም። ሰርግ የአደባባይ ቢመስልም የቤት ነገር ነው። ከ63ቱ ውስጥ የተፋቱ አሉ፣ እኔ የማውቃቸው ብቻ አራት ናቸው። ሌላ ያገቡ አሉ። ያኔ ፀጉሯን ገልጣ የጨፈረች፣ ዛሬ እንዲህ መታየት የማትፈልግ አለች። የሷን ትከሻ ለዕይታ ብዛት የምንሸጥ ከሆነ ካሴቱ ቢሻግት ይሻላል። ቅጂው ለባለቤቱ ይሰጥ። ምርቃቱና አንጉርጉሮው ለጥናት ከተፈለገ፣ ቤተሰቡ ተጠይቆ፣ ድምፁ ብቻ ይወሰድ። በዚህ ካልተስማማን ዴኬን አላመጣም።

ባለቤት ፍለጋው ነው ከሁሉም የሚያደክመኝ። ካሴቶቹ ላይ የተጻፈው ጥቂት ነው። አንዱ «ጥር 1994፣ ሆጤ፣ የመምህሯ» ይላል። ሚዜዎቹ አራት ናቸው፤ አንደኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጥቁር መነጽሩን አላወለቀም፣ ማታም ጭምር። ሌላው ኮምቦልቻ ነው። ሙሽሮቹ ፎቶ ሲነሱ ከኋላቸው ቦርከና ሞልቶ ይታያል፤ አንድ አጎት ወንዙን ተጠንቀቁ እያለ ይጮኻል። ሦስተኛው ምንም አልተጻፈበትም። ገጠር ነው፣ ሙሽራዋ በበቅሎ ነው የምትመጣው። አምስት ዓመት ገደማ የምትሆን ልጅ ካሜራውን እየተከተለች «እኔንም አንሳኝ፣ እኔንም» ትላለች። ካሜራ ማኑ በመጨረሻ ያነሳታል። ዝም ብላ ትቆማለች፤ ምን እንደምታደርግ አላወቀችም። ይህች ልጅ ዛሬ ሠላሳ ሊሆናት ነው። ራሷን አይታ የምታውቅ አይመስለኝም።

ሰኞ ጠዋት ሱቅ አለሁ። ቢሮ ና ካላችሁኝም እመጣለሁ፤ ዘግቼ ስለምመጣ ግን እባካችሁ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እንዳትሉኝ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የቀድሞ ቪዲዮ አከራይ፣ ያሁኑ ቻርጀር ሻጭ
ደሴ

ግልባጭ፦
ለወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ተቋም
«መጥቼ እወስደዋለሁ» ላላችሁ ሁሉ፤ ደረሰኝ አያስፈልግም፣ ሙሽራዋ ምን እንደለበሰች ከነገራችሁኝ ይበቃል